ከአርባዎቹ ሁለቱ የኛ ናቸው

ባሌ መቀመጥ አያውቅም። ሩዝ እየበላ እንኳ ግራ እግሩ ከጠረጴዛው ስር ሲርገበገብ የሻይ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። ሃያ አራት ዓመት አብሬው ስኖር ስንት ጊዜ «አንተ ሰውዬ፣ ያ እግር ያንተ ነው ወይስ ተከራይተኸው ነው?» ብዬዋለሁ። ስሙ ሃረን ካሊታ ነው፤ እኔ ግን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። የደንብ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አታወጣም፣ እኔም የጁናሊ አባት ነው የምለው። ጁናሊ አንድ ያለችን ልጅ ናት፤ በዚህ በፋጉን ወር መጨረሻ እንድራታለን።

ጉዱ ግን ምን መሰላችሁ፣ ይሄ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ደሞዝ የሚበላው ተቀምጦ በመቁጠር ነው። ጉዋሃቲ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ሐኪሞች ከሰው አፍ የቆረሷትን የሥጋ ቁራጭ ይሰጡታል። እሱ በሰም ውስጥ ይቀብራታል፤ ሰሙ ሲጠነክር ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቶ ይቆርጣታል፤ በመስታወት ላይ ዘርግቶ ቀለም ያጠጣታል። ያ ቀለም ሌላውን ሁሉ ትቶ የደም ስሩን ብቻ ቡናማ ያደርገዋል። ከዚያ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክሎ ቡናማ ቡናማውን ይቆጥራል። በአውራ ጣቱ የሚጫናት ትንሽ መቁጠሪያ አለችው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ይሄን መቁጠር ምን ያደርጋል?» አልኩት አንድ ጊዜ፣ ገና እንደተጋባን።

«ክፉ ሥጋ ከማበጡ በፊት ደም ይጠራል» አለኝ። «ሳይበላ የሚያድግ ነገር አለ? መጀመሪያ ቀጫጭን የደም ስሮች ወደሱ ይመጣሉ። ይጣመማሉ፣ ይቀጥላሉ፣ ይራባሉ። እብጠቱ ለዓይን ሳይታይ እነሱ ደርሰዋል።»

«ድስቱ ሳይጣድ እንደሚመጣ እንግዳ በለኛ!»

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ እንደ ሁላችንም ቀይ ነበር። የታሙሉ ነዋ! ፓን የምንለውን ቅጠል ኖራ ትቀባለህ፣ የታሙሉን ፍሬ ትጠቀልልበታለህ፣ ጉንጭህ ውስጥ ትወሽቀዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ምራቅህም ከንፈርህም ቀይ ነው። ያለ ታሙል እንግዳ አይገባም፣ ሰርግ አይጠራም፣ የተጣላ አይታረቅም። የባሌ አባት ናልባሪ ከተማ አጠገብ የታሙል ዛፍ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ልጃቸው በዘጠኝ ዓመቱ ማኘክ ጀመረ። እሳቸው እያደር አፋቸው አልከፈት አለ። መጨረሻ ላይ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት ብሏቸው የሩዝ ውሃ በማንኪያ እየተንጠባጠበላቸው ሞቱ። ልጁ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አጎቱ ከተማ አምጥተው ላቦራቶሪ ብርጭቆ አጣቢ አስቀጠሩት፤ ከማጠብ ወደ መቁረጥ፣ ከመቁረጥ ወደ መቁጠር አደገ። ያንን ሁሉ የተበላሸ አፍ ቀኑን ሙሉ ሲያይ ውሎ ሲወጣ በሩ ላይ ካለችው ሱቅ ታሙል ገዝቶ ጉንጩ ውስጥ ይወሽቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉሃል ይሄ ነው።

ሊያየኝ የመጣ ቀን አባቴ ምንጣፍ አንጥፈው ቁጭ በል አሉት። ቁጭ አለ፣ ተነሳ፣ ግቢውን ዞረ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ተመልሶ ቁጭ አለ። «ልጄ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» ሲሉት እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በሳቅ ልሞት። ሳቄን ሰማ። በኋላ እንደነገረኝ ከሆነ ያን ጊዜ ነው የወሰነው። እሱ ዝም ባይ፣ እኔ ለፍላፊ፤ እሱ ቁጥር፣ እኔ ወሬ። ተስማማን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ወር አለቃው ዶክተር ጃናቢ አንድ ጥናት ጀመረች። ልጅ እግር ናት፣ ግን ጭንቅላቷ! ማወቅ የፈለገችው የደም ስሩ መብዛት የሚጀምረው መቼ ነው የሚለውን ነው፤ አፍ ውስጥ ነጭ ልጥፍ ሲወጣ ነው? ነጩ ቀይ ሲሆን ነው? ወይስ ካንሰሩ ከለየለት በኋላ? ለዚህ አርባ መስታወት ያስፈልጋታል። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚቆጥረው ሰው የማን ሥጋ እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ቁጥር ብቻ ይለጠፍበታል፣ ስሙ ዶክተሯ መሳቢያ ውስጥ ባለ ደብተር ላይ ይቆለፋል።

ናሙናው ሲጎድላት ሠራተኞቹን ከነቤተሰባችሁ ኑና አፋችሁን አሳዩኝ አለች። እኔም የሰርግ ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ ስለነበር ጎራ አልኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል የለ፣ «ባዶነቱን እንዳያዩብህ ጠንቀቅ በል!» እያልኩ የጁናሊን አባት ስተርበው ተራው ደረሰ።

«ሃረን ዳ» አለችው ዶክተሯ፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ አክብራ ነው የምትጠራው። «ስንት ዓመት አኘኩ?»

«አርባ።»

«እዚህ እየሠሩ?»

«እዚህ እየሠራሁ» አለ፤ አንገቱን ደፋ።

በግራ ጉንጩ ውስጥ ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር አገኘች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ባይዴው፣ እርስዎም ይክፈቱ እንጂ» አለችኝ። ታላቅ እህቴ ስትል ነው።

«እኔ? እኔ ደግሞ ምን አለኝ? በቀን አራት ታሙል ብቻ ነኝ!»

ምላሴን በጨርቅ ይዛ ወደ ጎን ጎተተችው። ጠረገች። አሁንም ጠረገች። «ይሄ የፓኑ ቀለም ነው ወይስ…» አለች ለራሷ። በምላሴ በግራ ጠርዝ ላይ ምስር የምታህል ቀይ ነገር አለች አሉ። ጥርስ ነክሶኝ ይሆናል፣ ለማንኛውም እንይ ተባለ። ከሱም ከኔም አደንዝዛ ቆረሰች። ጉንዳን የነከሰኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም።

የጁናሊ አባት ቆመ። «ዶክተር፣ የኛንም አርባዎቹ ውስጥ ይቀላቅሉት። ቁጥር ብቻ ይስጡት። ለይቼ ካወቅሁ ዓይኔ ያዳላል።»

ትንሽ አሰበችና እሺ አለች። የመጀመሪያውን ምርመራ ያየው ሌላ ሐኪም በሁለታችንም ላይ «አጠራጣሪ» ብሎ ጻፈ። ዶክተር ጃናቢ ቁልጭ አድርጋ ነገረችን፤ ቆጠራው ዝቅ ካለ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰን እንታያለን፤ ከፍ ካለ ግን ሰሙን እንደገና ቆርጣ ጠለቅ ብላ ታያለች፣ ከከፋም ቢላዋ ነው። እንግዲህ ከአርባዎቹ ሁለቱ የኛ ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ የምታውቀው እሷ ብቻ፣ የሚቆጥራቸው ደግሞ ባሌ!

እኔ ስለራሴ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። አርባ ዓመት ያኘከው እሱ፣ አባቱ በአፍ በሽታ የሞቱበት እሱ፣ ነጭ ነገር ያበቀለው እሱ። እሱም እንደዚያው ነበር የሚያስበው። የዚያኑ ቀን ታሙሉን ተወ። በምትኩ ቅርንፉድ ይነክሳል፤ ቤቱ በሙሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ። የፋጉን ነፋስ አቧራውን ያስነሳል፣ በሩን ያንኳኳል፣ እሱ ግቢውን ይዞራል። በቀን አራት መስታወት ይቆጥራል፤ እራት ላይ እጠይቀዋለሁ።

«ዛሬስ?»

«ዘጠኝ፣ አስራ አንድ፣ አስራ ስድስት፣ ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለቷ አንተ ነህ! አንተ መቼ ትንሽ ነገር ትወዳለህ!»

«ተይ እስቲ አንቺ ሴትዮ።» እግሩ ብርጭቆውን ያንጫጫል።

በመሃሉ ደግሞ የሰርጉ ጥሪ አለ። ካርድ ብትበትን ካርድ ወረቀት ነው። አባት ራሱ እግር ባለው የነሐስ ሳህን ታሙልና ፓን ይዞ፣ በቀይ ጥለት ጨርቅ ሸፍኖ፣ ቤት ለቤት ሄዶ ካልጠራ ማንም አይመጣም። ባለቤቱ የአንተን ሲወስድ አንተም የሱን ትወስዳለህ፣ አብራችሁ ታኝካላችሁ። እሁድ ዕለት ሰባት ቤት ልንጠራ ወጣን፤ መጀመሪያ አጎቱ ቦጌስዋር ቤት።

ሽማግሌው የራሳቸውን ሳህን ገፋ አደረጉለት። «ውሰድ እንጂ ሃረን፣ ከራሴ ጓሮ የተቀጠፈ ነው።»

«ጥርሴን አሞኝ ነው አጎቴ።»

«ጥርሴን? እኔ ሰባት ጥርስ ቀርቶኝ አስወቅጬ እበላዋለሁ! ከተሜ ሆንክብኝ? ወይስ ቂም ይዘሃል?»

«ኧረ ምን ቂም አለኝ?»

«ቂም ካለህ በግልጽ ተናገር። የመሬቱ ነገር ከሆነ አባትህ በሕይወት እያሉ አልቋል!»

ስለ መሬት ማንም ትንፍሽ አላለም እኮ! ሽማግሌው ግን ተነስተው ሊወጡ ዱላቸውን ፈለጉ። ጉድ ፈላ አልኩና ሁለቱን ጥቅል አነሳሁ፤ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ጉንጬ ወሸቅሁ። «ይኸው አጎቴ፣ የሱን ድርሻም እኔ አኘክሁልዎት! ባልና ሚስት አንድ አፍ አይደለን?» ሳቁ፤ ታረቅን። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ቤቶችም እንደዚሁ፤ እሱ ሳህኑን ይዞ የጥሪውን ቃል ይላል፣ እኔ የሁለታችንን አኝካለሁ። ማታ ምላሴ ይለበልበኝ ነበር። ኖራው በዝቶ ነው አልኩ።

በማግስቱ ሰኞ የጁናሊ አባት በቀትር ቤት መጣ። በሃያ አራት ዓመት በቀትር መጥቶ አያውቅም። ጫማውን ሳያወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ አቧራው ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ነበረ። እግሩን አየሁት። አይንቀሳቀስም። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

ማክሰኞም ምንም። እራት ላይ ቁጥር ስጠይቀው «ተይኝ» አለ። ጁናሊ የሰርግ ልብሷን ለክታ ብትወጣለት «ጥሩ ነው» ብሎ ግድግዳውን አየ፤ ልጅቷ አለቀሰች። ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት። «አትወጣም። ወይ ትናገራለህ ወይ እኔን ረግጠህ ትሄዳለህ።»

«ሃያ ሰባት ቁጥር የተለጠፈበትን መስታወት አስራ አራት ብዬ ጻፍኩ» አለ።

«ስንት ነበር?»

«አልጨረስኩትም። ሰላሳ ስድስት ላይ ስደርስ ጣቴ አልጫን አለኝ። ያውም በአንዱ ቦታ ብቻ፣ ገና ሁለት ቦታ ይቀረኝ ነበር። ጣራ ላይ የወጣ የዱባ ሐረግ አይተሽ የለ? እንደሱ ነው፣ አንዱ ካንዱ እየወጣ፣ እየተጠማዘዘ… የኔ መሰለኝ። የኔ ከሆነ ከሰርጉ በፊት ነው የሚቆርጡኝ። ጉንጬ ተሰፍቶ ነው ልጄን የምሸኘው? ሰርጉ ይለፍና እናገራለሁ ብዬ…»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በአንድ ጊዜ ነጭ ልብስ ለብሼ፣ መበለት ሆኜ ራሴን አየሁት። ግን እኔ ስፈራ አፌ ነው የሚቀድመኝ።

«እና ያንተ ካልሆነስ?» ጮህኩበት። «የሌላ ሰው ከሆነስ?»

«እሱ እኮ ነው!» አለ። «እሱ ነው ከሰኞ ጀምሮ ያልተኛሁት። የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ይሆናል፣ የአንዲት የልጆች እናት ትሆናለች። ስድስት ወር ቆይታችሁ ኑ ይሏቸዋል። በስድስት ወር ያ ነገር ደሙን ጠጥቶ ጠጥቶ… የአባቴን አሟሟት ነግሬሽ የለ።»

«እና እዚህ በር ላይ ምን ትሠራለህ? ና፣ ለዶክተሯ እንንገራት!»

ሆስፒታሉ እስክንደርስ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እስኪያየን ተጨቃጨቅን። ሰርጉን እናራዝማለን አልኩ። አይራዘምም፣ ካርዱ ተበትኗል አለ። «ካርዱ ይቀደድ! አባት ይሻላታል ካርድ?» አጠገባችን የተቀመጠች ዓሣ ሻጭ «እውነቷን ነው» አለች፤ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ። ከሱ በፊት ልሙት የሚባለው ነገር ውሸት ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ከልቤ አሰብኩት።

ዶክተር ጃናቢ ፊት ቆመ፤ ቁጭ በሉ ብትለው እምቢ አለ። «ዶክተር፣ ሃያ ሰባት ቁጥር ውሸት ነው። ሆን ብዬ ነው ያሳነስኩት።»

ዶክተሯ ፊቷ ቀላ። «ሃረን ዳ፣ ሌላ ማንም ያድርገው፣ እርስዎ?» አለች። መስታወቱን አውጥታ ራሷ ቆጠረች፤ ሦስት ቦታ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ያ ድምፅ አያልቅም። ሰላሳ ስድስት። አርባ አንድ። ሰላሳ ስምንት። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ደብተሩን አወጣች፣ ጣቷን ከላይ ወደታች ነዳችው፣ አቆመችው። ቀና አለች። ያየችው ግን እሱን አይደለም፤ እኔን ነው።

«ምነው ዶክተር፣ ፊቴ ላይ ጥላሸት አለ?» አልኩ። እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው።

«አይደለም» አለ የጁናሊ አባት። «አይደለም፣ እንደገና ይዩት። ቁጥሩ ተለዋውጦ ይሆናል። እሷ በቀን አራት ብቻ ነች እኮ!»

«የእርስዎ ዘጠኝ ቁጥር ነው ሃረን ዳ። አስራ ሁለት ነው የቆጠሩት። የእርስዎ ለጊዜው ደህና ነው።»

ደህና ነው ስትለው ሰው እንደዚያ ሲከፋው አይቼ አላውቅም። ግድግዳውን በመዳፉ መታው።

የኔን ሰም እንደገና በጥልቀት ቆረጡት። ዓርብ ዕለት ተጠራን። ጀምሯል አለችኝ፤ ትንሽ ነው፣ ገና ነው፣ ግን ካንሰር ነው። አስራ አራቷ ቁጥር እንደተጻፈች ብትቀር ስድስት ወር ጠብቁ ብላ ትሸኘኝ ነበር፤ ደግሞ እነዚያ የደም ስሮች ስድስት ወር አይጠብቁም።

«ይደማዎት ነበር ባይዴው?» አለችኝ።

«የኛ ምራቅ ደግሞ መቼ ነጭ ሆኖ ያውቃል?» አልኳት። መልሼ ሳስበው ግን ከታሙሉ በፊት፣ ማለዳ አፌን ስታጠብም ገንዳው ቀይ ነበር። የትናንቱ ነው እል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ደሜን ስተፋ የትናንት ፓን ነው እያልኩ ውሃ ደፋሁበት። ስንቱ ጎረቤቴ እንደኔ እየደፋበት ይሆን?

ቀጠሮው ሐሙስ ሆነ። ከምላሴ ጠርዝ አውራ ጣት የሚያህል ይቆርጣሉ። «ይናገራሉ» አለችኝ፣ እጄን ይዛ። «ግን እንደ ድሮው ጥርት አይልም። አንዳንዱ ቃል ይወፍርብዎታል፤ በልምምድ ይሻሻላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሰርጉ ላይ ገና ቁስል ስለሚሆን አይናገሩም።»

ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሞትን አይደለም የፈራሁት። ሌላ የሚቆረጥ ጠፍቶ ምላሴን? እኔ እኮ ሌላ ነገር የለኝም። መሬት የለኝ፣ ትምህርት የለኝ፣ መልክም ብትሉ እንደነገሩ ነው። ሳልናገር ማን ነኝ? ልጄ ስትዳር እናቷ እንደ ግዑዝ ጥግ ይዛ ልትቀመጥ? በቁጣ አለቀስኩ።

ኮሪደሩ ላይ የጁናሊ አባት ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። «ሰባት ቤት» አለ። «ሰባት ቤት የኔን ድርሻ አኘክሽልኝ።»

«የሰባት ቤት ታሙል ነው እንዴ የበላኝ? የሠላሳ ዓመቱ ነው። ተነስ፣ ሰው ያየናል።»

«ዋሸሁብሽ። ሁለት ቀን ሙሉ በነፍስሽ ላይ ዋሸሁ።»

«ለማታውቀው ሰው አዝነህ ነው የተናዘዝከው» አልኩት። «ያ የማታውቀው ሰው እኔ ሆኜ ተገኘሁ፣ በቃ። አሁን ተነስና ስንት ቤት እንደቀረን ቁጠርልኝ።»

«ምን ቤት?»

«የሰርጉ ጥሪ ነዋ!»

ሠላሳ አንድ ቤት ቀርቶ ነበር። እስከ ዛሬ ረቡዕ አምስት ቀን። ቃሉን የሚለው አባት ነው፣ ደንቡ እሱ ነው፤ ደንቡን ገደል ግባ አልኩት። እሱ ሳህኑን ይዞ ከኋላዬ፣ እኔ ከፊት። የቆረሱኝ ቦታ ይጠዘጥዘኛል፣ እኔ ግን በየቤቱ ደረቴን ነፍቼ «ፋጉን ሃያ ስምንት ልጃችን ጁናሊ ትዳራለች፤ እግራችሁን አንሱልን፣ መርቁልን» እላለሁ። ታሙል ሲያቀርቡልኝ አልወስድም። ጥርሴን አሞኝ ነው ብዬም አልዋሽም። «ይሄው ነው ምላሴን ሊያስቆርጠኝ የደረሰው፣ አልወስድም፣ ቂምም የለኝም፣ ሰርጉ ላይ ግን እንዳትቀሩ» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዷ ጉንጯ ውስጥ ያለውን ቀስ ብላ ትተፋለች። የልብስ ሰፊው ሚስት ባትሪ ይዛ እስከ መንገድ ተከተለችን፤ «ወንድም ሃረን፣ አንዴ እዩልኝ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ቀይ ነው» ብላ አፏን ከፈተች። ከዚያ በኋላማ የጁናሊ አባት በየበሩ ሳህኑን ለኔ እያስያዘ የሰው አፍ ሲመለከት ዋለ። ካያቸው አራቱን ነገ ከኛ ጋር ሆስፒታል ይዟቸው ይሄዳል፤ ወሬው የደረሳቸው አጎቱ ቦጌስዋርም አሉበት፣ ዱላቸውን ይዘው።

የመጨረሻዋ ቤት ዛሬ አመሻሽ ላይ የሬባቲ ነበረች፤ በመንገዳችን መጨረሻ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት። ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። በሩ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። ሳህኑን ፊቷ አስቀመጥን፣ ጨርቁን ገለጥኩ፣ ቃሉን አልኩ።

«ኧ?» አለች።

ደገምኩት። ምላሴ ከበደኝ፣ ጨው የነሰነሱበት ይመስል ነበር።

«ማን ሞተ?» አለች፣ ደንግጣ።

የጁናሊ አባት ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ፤ ሊልልኝ ነው።

«አንተ ዝም በል» አልኩት። «ይሄን የምለው እኔ ነኝ።»

ተንበረከክሁ። አፌን ጆሮዋ ላይ ገጥሜ መንገዱ እስኪሰማ ድረስ ጮህኩ፤ ፋጉን ሃያ ስምንት፣ ልጄ ጁናሊ፣ ትዳራለች፣ እግርሽን አንሺልን፣ መርቂልን።

«ውይ፣ ውይ፣ ሰማሁ!» አለች ጆሮዋን ይዛ፣ እየሳቀች። «ሰማሁ ልጄ፣ እመጣለሁ፣ አትጩሂብኝ!»

እኔ ግን አራተኛ ጊዜ አልኩት።